በቀዩ ጨርቅ ውስጥ ያላየሁት

አኽሚም፣ እሑድ የካቲት 26 ቀን፣ በፈረንጅ 1989

የዓይኔ ብርሃን፣ የበኩር ልጄ ኢንሳፍ፤

ይህን መስመር እንዳነበብሽ ያን ነጭ ኪኒን አቁሚ። የዛሬውንም አትዋጪው። ማሸጊያውን ለፈትሒ ስጪው፤ ከእጅሽ ይራቅ። ከዚያ በኋላ ተቀምጠሽ አንብቢኝ።

አሁን ሰላም ልበልሽ። እንዴት ከረማችሁ? ፈትሒ ከዚያ ከትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ጋር እንዴት ነው? ሕፃኗ ጥርስ አበቀለች? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው። የየካቲት ነፋስ ጓሮውን አሸዋ አልብሶታል፤ ጠዋት ጠርጌ ማታ መልሼ እጠርጋለሁ። ዛሂያ ከግድግዳው ማዶ ሰላም ብላሻለች፤ ፍየሏ መንታ ወልዳላታለች።

ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑን ገና ፖስታውን ስታዪ ታውቂዋለሽ። እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። አንድ ገጽ መጻፍ አንድ ክንድ ጨርቅ ከመሸመን የበለጠ ያደክመኛል። ኡስታዝ ዐዝሚ እንደ ሌላው ጊዜ ልጻፍልሽ ብሎኝ ነበር። «ኡም ኢንሳፍ፣ አንቺ ሰላምታውን እስክትጨርሺ እኔ መስጊድ ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ሲጽፍ ያሳምረዋል። ይህ ነገር እንዲያምር አልፈልግም። ደግሞ የምጽፍልሽን እሱ እንዲሰማው አልፈልግም።

የጎረቤታችን ልጅ ኸለፍ ፈቃዱን ጨርሶ ሐሙስ ጠዋት ወደ ኩዌት ይመለሳል። ደብዳቤውን በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። እስከዚያ አራት ቀን አለኝ።

ያንቺ ደብዳቤ ዐርብ ደረሰኝ። አሥራ አንድ ቀን በመንገድ ቆይቷል። ግራ ጉንጭሽን መብረቅ እንደሚመታሽ፣ ማኘክም ማውራትም እንዳቃተሽ፣ ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው ብሎ ኪኒን እንዳዘዘልሽ አነበብኩ። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ስሙን ሳየው የራውሒያ ኪኒን ነው። እሷን ከመውደቅ አድኗት ነበር፣ እኔንም ያድነኛል። ከጀመርኩ ሁለት ቀኔ ነው።» ወረቀቱን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለትና አሥራ አንድ አሥራ ሦስት ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ድልድዩን ተሻግሬ ሶሃግ ስልክ ቤት ሄድኩ። መስመሩ የተገኘው ከቀትር በኋላ ነው። የፈትሒ ትምህርት ቤት ዘበኛ አነሣው።

«የሾፌሩ የፈትሒ አማት ነኝ። ሚስቱ ኪኒኑን ታቁም በለው።»

«የምን ኪኒን?»

«እሷ ታውቀዋለች። ታቁም በለው!»

«ሐጃ፣ አትጩኺ፣ እሰማለሁ። ታቁም። ሌላስ?»

«ዛሬውኑ» አልኩት። መስመሩም ተቆረጠ። ይንገረው አይንገረው አላውቅም። አማት እንደ ልማዷ በሰው ቤት ትገባለች ብሎ ስቆ ትቶት ይሆናል።

ኢንሳፍ፣ ራውሒያ የሞተችው በኩፍኝ አይደለም። ኡስታዝ ዐዝሚ በታኅሣሥ «ኩፍኝ» ብሎ የጻፈልሽ እኔ እንደዚያ በል ስላልኩት ነው። እህትሽን የገደላት ኪኒኑ ነው። ጠዋትና ማታ አፏ ውስጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ከዚህ በላይ አልችልም።

ሰኞ

መሸመኛው ዛሬ ቆሟል። በሩ ላይ ብርሃን ባለበት ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ኅዳር መግቢያ ላይ ራውሒያ መሸመኛው ላይ እንደ ወደቀች ነግሬሽ ነበር። በሽታው በዓመቱ ሲጥላት ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር፤ ግንባሯን እንጨቱ ሰነጠቃት። ሶሃግ ያለው የነርቭ ሐኪም ኪኒኑን አዘዘላት። ጠዋትና ማታ ሳይቋረጥ አለ። ስለ ቆዳ ምንም አልተናገረም፤ ወይም ተናግሮ እኔ አልሰማሁትም። እኔ የሰማሁት ልጄ አትወድቅም የሚለውን ብቻ ነው።

እውነትም ሁለት ሳምንት አልወደቀችም። መወርወሪያውን እየወረወረች መዝፈን ጀመረች። ያንን ድምፅ ስንት ጊዜ ሳልሰማው እንደ ቆየሁ ያኔ ነው የገባኝ።

በአሥራ አራተኛው ቀን አተኮሳት። ዓይኗ ቀላ። «እማ፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገብቷል» አለችኝ። ነፋሱ ነው አልኳት። በማግስቱ ደረቷና ፊቷ ላይ ሽፍታ ወጣ።

በዚያ ሰሞን ሰፈሩን ኩፍኝ ይዞት ነበር። በየመስኮቱ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል። ዛሂያ ገና ከደጃፍ ሆና አየቻትና ደረቷን መታች። «ኩፍኝ ነው! በልጅነቷ አልወጣላትም እኮ። ዘግይቶ ሲመጣ ይከፋል። ቀይ አልብሻት፣ መስኮቱን ጋርጂ፣ ውኃ እንዳይነካት!» አለችኝ።

አንቺም ታስታውሺያለሽ። በአምስት ዓመትሽ ሲይዝሽ ሙሉ ሳምንት በቀይ ጠቅልዬሽ ተኝተሻል። እኔንም እናቴ እንደዚያ ነው ያስታመመችኝ። ቀይ ቀዩን ይጠራዋል፣ ሽፍታው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሆድ ውስጥ አይቀርም ይባላል። በእኛ ቤት ደግሞ ቀይ ጨርቅ መቼ ጠፍቶ። ለሙሽራ ሻል ከሸመንኩት አራት ክንድ ቆርጬ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ያንቺን ቀይ ጀለቢያ ከሣጥን አውጥቼ አለበስኳት።

ትኩሳቷ እያንቀጠቀጣት ሳቀች። «እማ፣ ምነው፣ ባቡር ልታስቆሚብኝ ነው?»

«ዝም በይ፣ ይሻልሻል።»

«ሙሽራ መስያለሁ። ሙሽራውን ብቻ ነው የረሳሽው።»

«ስትድኚ እናመጣልሻለን።»

«ብቻ ቆንጆ ይሁን። እንደ ኢንሳፍ ባል ጆሮ ብቻ እንዳይሆን።»

ይህን ለፈትሒ አትንገሪው። ወይም ንገሪው፣ ይሳቅ።

ኢንሳፍ፣ መስኮት በቀይ ሲጋረድ ቤቱ ምን እንደሚሆን አስበሽ ታውቂያለሽ? ግድግዳው ቀይ ነው፣ ትራሱ ቀይ ነው፣ የእኔም እጅ ቀይ ነው። የታመመ ቆዳና ጤነኛ ቆዳ አይለይም። ሽፍታው ወደ ወይን ጠጅ ሲለወጥ፣ መሐል መሐሉ ሲጠቁር፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አላየሁትም። ሠላሳ ዓመት ቀለም ስለይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከሁለት ቀይ ክር የትኛው ሁለት ጊዜ እንደ ተነከረ በእጄ ይዤ እነግርሻለሁ። የልጄን ቆዳ ግን አላየሁም።

ኪኒኑንም አላቆምኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከንፈሯ አብጦ ነበር። ጥቁሩን የሸንኮራ ማር በማንኪያ ሳቀርብላት ፊቷን አዞረች።

«አፌ ቆስሏል፣ እማ። ጉሮሮዬም።»

«ኩፍኝ እንደዚያ ያደርጋል።»

«የዛሂያን ልጆች እኮ ሲያሳክካቸው ነው የዋለው። እኔን አያሳክከኝም። ያቃጥለኛል። ልብሱ ሲነካኝ ያቃጥለኛል።»

«ትልቅ ሰው ስለሆንሽ ነው።»

«ኪኒኑ ነው። በሞቴ እማ፣ ኪኒኑ ነው። ዛሬን ብቻ ይቅርብኝ።»

አንድ ወረቀት ነበረኝ። አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ታውቂያታለሽ፣ ከድሮም መድኃኒት ሲባል ሰበብ ታበዛለች። ብታለቅስም ስጪያት። አንድ ቀን እንዳይቋረጥ» ይላል። ወረቀቱ የሐኪሙ ነው። ይህን የጻፈው ሐኪሙ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ራውሒያ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተችልኝ። ምላሷ ላይ አደረግኩላት። ስትውጠው እንባዋ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮዋ ወረደ፤ በቀዩ ብርሃን እንባዋም ቀይ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጀለቢያው በላብ ርሶ ነበርና ልቀይርላት ብዬ ከትከሻዋ አወረድኩት። ቆዳዋ ከጨርቁ ጋር አብሮ መጣ። አቅፌ ወደ ጓሮ አወጣኋት። በቀን ብርሃን አየኋት። ያየሁትን አልጽፍልሽም።

የኸለፍ አባት በጭነት መኪናው ሶሃግ አደረሰን። እሳት ያልነካትን ልጅ ከተቃጠሉ ሰዎች ጋር አስተኟት። እዚያ ዘጠኝ ቀን ኖረች። በስድስተኛው ቀን ዓይኗን መግለጥ አቃታት። በድምፄ ነበር የምታውቀኝ፤ ስለዚህ ዝም አልልም ነበር። ስለ ፍየሏ፣ ስለ ክሩ፣ ስላንቺ ሕፃን አወራላት ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በፊት እያወራሁላት ሄደች። መሄዷን ሳላውቅ ጥቂት አውርቻለሁ።

የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ኢቮን ትባላለች፤ በዕድሜ ካንቺ ብዙም አትበልጥም። የነርቭ ሐኪሙን ወረቀት ሰጥቻት አየችው። ሁለት መስመር ናት፣ በፈረንጅ ፊደል። «የመድኃኒቱ ስምና መጠኑ ብቻ ነው ያለበት» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ታዲያ ልጅቷ እምቢ ስትል ስጪያት ያለዎት ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍኩት።

«በመጀመሪያው ቀን ይዣት ብመጣ ኖሮ?» አልኳት።

አልዋሸችኝም። «ምናልባት» አለች። «ያኔም እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን ምናልባት።»

አሁን ከእኔ ጋር የሚኖረው ያ ምናልባት ነው።

ማክሰኞ

ትናንት ከጻፍኩት አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ዛሬ እሱን ሳልጽፍ ወደ ሌላው አልሄድም።

ከአርባዋ በኋላ ወደ ዶክተር ኢቮን ተመልሼ ሄጄ ነበር። ስታየኝ ደነገጠች። «ኡም ኢንሳፍ፣ አሁን ምን ላድርግልዎ?» አለችኝ። «አስተምሪኝ» አልኳት። «ያላየሁትን አሳዪኝ።» ሦስት ሰኞ ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። በመጀመሪያው ሰኞ የጠየቀችኝ ግን ይህን ነው፦ «ራውሒያ እህት አላት? ይህ በደም ሊሄድ ይችላል። እህቷ ይህን ኪኒን በሕይወቷ እንዳትነካው ዛሬውኑ ይጻፉላት።»

ይህ በጥር ነው፣ ኢንሳፍ። ዛሬ የካቲት ሊያልቅ ነው። ኪኒኑን ብጽፍልሽ ቀዩን ጨርቅም ልጽፍልሽ ነው። ነገ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ አልኩ። አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ የሚጥል በሽታ የለብሽም፣ ምን ቸኮለኝ አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው፤ ይህን ግን እያወቅኩ ነው።

አሁን ያስተማረችኝን ስሚኝ።

ከመድኃኒት የሚመጣ ሽፍታ ሁሉ አንድ አይደለም። ሳማ የለበለበው የሚመስል አለ። ያብጣል፣ ያሳክካል፣ እዚህ ጠፍቶ እዚያ ይወጣል። የሰፈራችን ሐጃ ነዚማ መርፌ ተወግታ ከወንበሩ ሳትነሣ የያዛት ይህ ነው። መርፌ የወጋት ሰውዬ በጋዜጣ እያራገበላት «የሰው ዓይን ነው፣ ያልፋል» ሲላት ነበር አሉ። ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነ መድኃኒቱን ትቶ ሐኪም መጠየቅ ነው። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ጫማሽን እንኳ ሳትፈልጊ መሮጥ ነው። ነዚማ የተረፈችው ሐኪም ቤቱ በር ለበር ስለሆነ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ የሚመላለስም አለ። አጎትሽ ዐብዱልጀዪድ ከንፈሩ ላይ ያለችውን ጥቁር ክብ ታውቂያታለሽ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ትቀላና ትቆስላለች። ሚስቱ «ያቺ ጂኒ ደግሞ መጥታ ሳመችህ!» እያለች ስንት ዓመት ስትነዘንዘው ኖራለች። ለካ የራስ ምታት ኪኒን በዋጠ ቁጥር ነው፣ እዚያው በዚያው ቦታ። ስነግራት፣ «ውይ፣ ጂኒዋን በነፃ ስሰድባት ኖሬያለሁ!» አለች። ከታኅሣሥ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ኩፍኝ የሚመስል አለ። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ከደረትና ከጀርባ ተነሥቶ ወደ እጅና እግር ይወርዳል፣ ያሳክካል። ዋናው ኩፍኝ ከጆሮ ጀርባና ከፊት ይጀምራል፤ ሳልና ንፍጥ ይቀድመዋል። ራውሒያ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳላትም፣ ኢንሳፍ። አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሳትም። ያን ሁሉ ልጅ በኩፍኝ ያስታመምን ሴቶች ልጅቱ እንደማትስል አላስተዋልንም። ኩፍኝ መሳዩ ብዙውን ጊዜ ኪኒኑ ሲቀር አብሮ ይቀራል። ግን የክፉውም መጀመሪያ እንደሱ ሊመስል ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ማደር የለበትም።

ክፉው ያማል። ከማሳከክ ይልቅ ያቃጥላል። ትኩሳትና የዓይን መቅላት ይቀድሙታል። አፍ ይቆስላል፣ ሽንትም ያቃጥላል። ነጠብጣቡ መሐሉ ይጠቁራል፣ ውኃ ይቋጥራል። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ቆዳው ከተንሸራተተ ያ እሱ ነው።

ሌላም ዘግይታ የምትመጣ አለች፤ ፊት ያብጣል፣ አንገት ሥር ንፍፊት ይወጣል። ስለ ጉበትም ነግራኛለች። እሷን በደንብ አልተረዳሁም፤ ግን ጻፊላት ብላኛለች፣ ጻፍኩልሽ።

የኪኒኑን ስምና ዘመዶቹ የሆኑትን የሌሎቹን ስም ዶክተር ኢቮን በፈረንጅ ፊደል በወረቀት ጽፋልኛለች። ወረቀቱን ከዚህ ገጽ ጋር በነጭ ክር ሰፍቼዋለሁ። ማንም ሐኪም ይህን ሳያይ ለነርቭ የሚባል ኪኒን እንዳይሰጥሽ።

ረቡዕ

ቴሌግራም መጣ። ከፈትሒ ነው። እንዳለ እገለብጥልሻለሁ፦ «ዘበኛው ነገረኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ አቁማለች። ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ ሽፍታ አለ። ለምን?»

ያን ዘበኛ አላህ በጤና ያኑረው። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

መሐረቤን በትክክል ሳላስር ድልድዩን ተሻገርኩ። ቴሌግራም ቤት ያለውን ጸሐፊ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ አልኩት፦ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት። ኪኒኑን አሳዩ። እህቷ በዚህ ነው የሞተችው በሉ። ያቃጥላል ወይስ ያሳክካል? አፏስ? ዓይኗስ? ትኩሳትስ? መልሱልኝ። የሐኪም ወረቀት በኸለፍ እልካለሁ።»

«ሐጃ፣ ይህ ቴሌግራም ነው ወይስ ምርመራ?» አለኝ።

«ጻፍ።»

ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። ሲጨርስ «አስቸኳይ» የሚል ከራሱ ጨመረልኝ።

ከዚያ ወደ ዶክተር ኢቮን ሄድኩ። ክፍሉ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እኔን ስታይ ብድግ አለች።

«ያሳክካል ካሉኝስ?» አልኳት።

«ከማቃጠሉ ይሻላል። ግን እሱ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ካቆመች በኋላም ቀናት ቆይቶ ሊከፋ ይችላል። በየቀኑ፣ መላ ሰውነቷን፣ በብርሃን ይዩአት። አፏንም።»

«እኔ እዚህ ነኝ፣ እሷ ኩዌት ናት።»

«ባሏ ይያት። በጊዜ ማቆሟ ትልቅ ነገር ነው፣ ኡም ኢንሳፍ። እርስዎ ነዎት ያስቆሟት።»

በጥር ብጽፍ ኖሮ መች ትጀምረው ነበር አላልኳትም።

ቤት ተመልሼ የጀመርኩትን ነጭ የጥጥ ቀሚስ ጨረስኩ። ድሩም ማጉም ነጭ ነው። ጠርዙን ሳልዘመዝም ነው የምልክልሽ፣ ጊዜ የለኝም። ሰፊ ነው፣ አይጨብጥሽም። እሱን ልበሺ። ነጭ ላይ ሁሉ ነገር ይታያል። በዚህ ቤት አሁን ቀይ ክር የለም፤ ያለውን ሁሉ ለሌላዋ ሸማኔ ለኡም ሸኑዳ ሰጥቻታለሁ። ሻሉን የሚገዛኝ ነጋዴ ተቆጥቶኛል፤ ሙሽሮቹ ቀይ ይፈልጋሉ ይላል። ከሌላ ይግዛ።

ሐሙስ ጠዋት

ኸለፍ ሻንጣውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። «ኡም ኢንሳፍ፣ ባቡሩ እንደ እኔ ትዕግሥተኛ አይደለም» እያለኝ ነው። ይቁም። መልሱ አሁን ደረሰኝ።

«ያሳክካል። አፍ ደህና። ዓይን ደህና። ትኩሳት ትንሽ። ሐኪም ቤት አስተኝተዋታል። ወረቀቱ በቶሎ ይላክ።»

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አንብቤ አላህን አመሰገንኩ። «ትኩሳት ትንሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ማንበብ ያቅተኛል። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? የራውሒያም መጀመሪያ ትንሽ ነበር።

ልጄ፣ የተኛሽበት ክፍል መጋረጃው ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም። ቀለም ያለው ከሆነ ያውርዱት። በመስኮቱ በኩል ያስተኙሽ። ፈትሒ ጠዋትና ማታ ጀርባሽን ይይልሽ፤ አያፍርም፣ አንቺም አትፈሪ። አፍሽን በመስታወት እዪ። የሆነ ነገር ካቃጠለሽ፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ያቃጥለኛል በይ። ሐኪሙ ካልሰማሽ ነርሷን፣ ነርሷ ካልሰማችሽ ጮኸሽ ሰፈሩን አሰሚ። ሰበብ ነው ቢሉሽ አትቀበያቸው። ስለ ሰውነትሽ ካንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን እህትሽ ነግራኝ ነበር።

የተረፉትን ኪኒኖች አትጣያቸው፤ ሌላ ሰው አንሥቶ ይውጣቸዋል። ኸለፍ ሲመለስ ከነማሸጊያቸው ይዞልኝ ይምጣ። በእጄ ይዤ አንቺ ሆድ ውስጥ እንደሌሉ ማየት እፈልጋለሁ።

ፈትሒ «ለምን?» ብሎ ጠይቋል። ለምኑን ይኸው ጽፌያለሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነም ጽፌያለሁ። ከዚህ ሌላ ጥፋተኛ ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ። እኔ ብቻዬን እበቃለሁ።

ቆዳሽን እንደ ተወለድሽበት ቀን ያድርግልሽ። ሕፃንሽን ራስሽ አሳድጊያት፣ ራስሽ ዳሪያት፤ ለሠርጓ ሻሏን እኔ እሸምናለሁ፣ በፈለገችው ቀለም፣ ቀይም ብትል። የእህትሽን ዕድሜ ባንቺ ላይ ይጨምርልኝ። ከእኔ የቀረው ካለም ውሰጂው።

እናትሽ
ወስፊያ

ኸለፍ ወረቀቱን ሊነጥቀኝ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ከድኜ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ስትመጪ አንድ በአንድ ታገኚያቸዋለሽ። ስለ ራውሒያ ኪኒን ከነገርኩሽ በኋላ የጻፍሽልኝ የኅዳሩ ብቻ የለም። አይጥ በልቶታል። ምን እንደ ነበረበት አላስታውስም። አንቺም አታስታውሺው።